ጥማድ በሬ ያወጣል ያልሁት ጌም

በቤታችን ምሰሶ ላይ፣ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አንድ ሚስማር ነበር። በሚስማሩ ላይ የሚሰቀለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የደብሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ። አባቴ ቄሰ ገበዝ ነበሩ፤ የመስቀሉም፣ የብራናውም፣ የጽናውም ጠባቂ እሳቸው ናቸው። ሲመለሱ ቁልፉን ይሰቅላሉ፣ ሲሄዱ ያወርዳሉ። "እንዳትነኩ" ተብለን አናውቅም። አምስት ልጆች ያደግንበት ቤት ነው፤ በጨርቅ ኳስ ምሰሶውን ስንት ጊዜ መትተነዋል፣ ቁልፉን ግን የነካ የለም። ይህን የምለው ጨዋ ልጆች ነበርን ለማለት አይደለም። ቁልፉ እንዲያ በግላጭ መሰቀሉ አባታችን እንደሚያምኑን የሚነግረን ነገር ስለነበር ነው። በሌላ መንገድ ነግረውን አያውቁም።

ከእኛ በቀር ግን አባቴ የማይጠረጥሩት ሰው አልነበረም። ዕቃ ጠባቂነት ሰውን እንዲህ ያደርጋል። "ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር" የምትለው ተረት ከአፋቸው አትለይም። ቱሪስት ለልጅ እስክሪብቶ ሲሰጥ ካዩ ቆም ብለው ይመለከቱና "ምን ፈልጎ ነው?" ይላሉ። ብራናን በሸሚዝ ስለለወጡ ሰዎች ማታ ማታ አውርተውልን አይጠግቡም ነበር፤ ለእኛ ይህ የጅብ ተረት ምትክ ነው። ጠባዩ ከአምስታችን የተጋባው እኔ ላይ ነው። ዛሬም አንድ ሰው ሻይ ከጋበዘኝ ሻዩ ሳያልቅ ነገሩ ምን እንደሆነ ለማወቅ እቸኩላለሁ።

የአስጎብኚነት ፈቃድ ያወጣሁት ላሊበላ ባጃጅ ማየት ከመጀመሯ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። በዚያው ዓመት ጠጉሩ የሸበተ፣ ቀጠን ያለ አንድ ፈረንጅ ሦስት ቀን አስጎበኘሁ። ሥራው ጌም መሥራት እንደሆነ ነገረኝ፤ አላመንሁትም። ያን ጊዜ ጌም የማውቀው መናኸሪያው አጠገብ ባለች አንዲት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ጎረምሶች በየዙሩ ሳንቲም እየከፈሉ ኳስ የሚጫወቱበትን ነው። ሽበት ያለው ሰው በዚህ እንጀራ ይበላል ብዬ እንዴት ልመን? ደግሞ እንደ ሌሎቹ ፎቶ አያበዛም፤ ይለካል። በእርምጃው ይለካል፣ በክንዱ ይለካል፣ ከዚያ ደብተሩ ላይ ይጽፋል።

"ይህን ሁሉ ሲቆፍሩ ማን ከፈላቸው?" ብሎ ጠየቀኝ። እንደ ወጉ ቀን ሰው፣ ሌሊት መላእክት ይሠሩ እንደነበር ነገርሁት። "ለመላእክቱስ?" አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ ግን ብዕሩን ይዞ መልሴን ይጠብቅ ነበር።

ከሁሉ የወደደው ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው በምድር ሥር የሚያሻግረውን ጨለማ መተላለፊያ ነው። እዚያ ውስጥ መብራት አይበራም፤ ልማዳችን ነው። ቀኝ እጅህን ግድግዳው ላይ አድርገህ፣ በግራህ ራስህን እየጠበቅህ፣ ዝም ብለህ ትሄዳለህ። የሲኦል ምሳሌ ነውና መብራት ያበራ ሰው ትርጉሙን አጠፋው ማለት ነው። እንግዶቼን ባትሪ የማስጠፋው እኔ ነኝ። ሰውዬው አንዴ አለፈና "እንደገና" አለ። ከዚያ እንደገና። ሰባት ጊዜ ተመላለሰ። የተደበቀ በር እየፈለገ ነው ብዬ ስለጠረጠርሁ ሰባቱንም ጊዜ ከኋላው ተከተልሁት፤ አንድ እጄ ግድግዳው ላይ፣ አንድ እጄ ቦርሳው አጠገብ። ሲሰናበተኝ የተስማማንበትን ከፍሎ "አንድ ቀን አንድ ነገር እልክልሃለሁ" አለኝ። ሁሉም ይህን ይላሉ። አንዳቸውም አይልኩም።

በሦስተኛው ዓመት ላከ። ያመጣችው አንዲት ቱሪስት ናት፤ ሆቴሏ ድረስ አስጠርታ አንዲት ትንሽ ካርቶን ሰጠችኝ። ውስጡ በሁለት እጅ የሚያዝ የጌም መጫወቻ አለ፣ መጫወቻው ውስጥ አንድ ጌም አለ። ደብዳቤ የለውም። ካርቶኑን ገልብጬ አራገፍሁት፣ በጥፍሬ የጎኑን ወረቀት ሁሉ ላጥሁት። ሰው በነጻ ሲሰጥ ቢያንስ ምክንያቱን ይጽፋል ብዬ ነበር። ሴትዮዋ ግራ እንደ ገባኝ አይታ፣ ዕቃው ያገለገለ መሆኑን፣ ጌሙ ግን ሰውዬው ራሱ የሠራው አዲስ መሆኑን፣ ሁለቱ ተደምረው ስንት እንደሚሆኑም ነገረችኝ። በልቤ ወደ ብር መነዘርሁት። በእኛ ገበያ ቢበዛ የአንድ ሙክት ዋጋ ነው።

እንግዲህ ጥፋቴን ልናገር። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጠላ ቤት ከአስጎብኚ ጓደኞቼ ጋር ተቀምጠናል። አንዱ ከእንግዳው የተላከለት ጃኬት ለብሷል፤ አንዱ ጫማ ተልኮለታል። የእኔ ተራ ደረሰና መጫወቻውን አወጣሁ። እጅ በእጅ ዞረ። በእኛ አገር አንድ ዕቃ ታይቶ ሳይጠየቅ የማይታለፍ ጥያቄ አለ፤ ተጠየቀ። "ስንት ያወጣል?" ሙክት ማለት አፈርሁ። ለሦስት ዓመት ጥበቃ ሙክት ምን አላት? "ጥማድ በሬ ይገዛል" አልሁ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ከሙጃ ለገበያ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጥጉ ላይ ተቀምጠው ይጠጡ ነበር። መጫወቻው እሳቸውም ዘንድ ደረሰና በመዳፋቸው መዘኑት። ቀላል ነው።

"ልጄ" አሉ፤ "ጥማድ በሬ የሚሰጥ ሰው ምን ወስዶ ነው?"

"ምንም አልወሰደም አባባ። ስጦታ ነው።"

"ሰው ያለ ነገር ጥማዱን ፈትቶ ይሰጣል? እኔስ አላየሁም።" ከዚያ ወደ ጠላ ቤቱ ባለቤት ዞረው በዝግታ "የማን ልጅ ነው?" አሏት። "የቄሰ ገበዙ" አለች። መጫወቻው ከእጅ ወደ እጅ ሳይሆን መደቡ ላይ ተቀምጦ ነው የተመለሰልኝ።

ያን ጊዜ ወሬ የሚያድርበት ቦታ አልነበረም። አንዱ ለአንድ ለአምስቱ ስብሰባ ይወስደዋል፣ አንዱ ለቀበሌ፣ አንዱ ለንስሐ አባቱ። በሦስተኛው ቀን አባቴ ዘንድ ደረሰ። ከማኅሌት ሲመለሱ ቁልፉን ሰቀሉ፤ ነጠላቸውን ሳያወልቁ መደብ ላይ ተቀመጡ።

"ያን ዕቃ ለላከልህ ሰው ምን ሰጥተኸው ነው?" አሉኝ።

"ምንም አልሰጠሁትም አባባ።"

"ስንት ያወጣል?"

እዚህ ላይ ነው የተያዝሁት። ሙክት ብል ባደባባይ የዋሸሁ ሰው ነኝ፤ የአባቴ ልጅ ጠላ ቤት ተቀምጦ ይዋሻል። ጥማድ በሬ ብል ሌባ ነኝ። አባቴ ጠበቁኝ። እኔ ዝም ባልሁበት በዚያች ጊዜ ዓይናቸው ከእኔ ተነሥቶ ወደ ሚስማሩ ሄደ። ቁልፉ አለ። አሁን ነው የሰቀሉት፣ ያውቃሉ፤ ግን አዩት። ብዙ ሰው ሰድቦኛል፣ አንዴም በጥፊ ተመትቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ተዋርጄ አላውቅም።

የእሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ አባቴ ቁልፉን በደብሩ ሽማግሌዎች ፊት አስቀመጡት። "ዕቃው በመዝገቡ ይቆጠርልኝ። እስኪቆጠር ድረስ አልይዝም" አሉ። ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። አንዳንዶቹ "መምሬ፣ ይህ ምን አመጣው?" ብለው ሊመልሱላቸው ሞከሩ፤ እምቢ አሉ። አንዳንዶቹ ግን አልሞከሩም፤ ማን ማን እንደሆኑ ዛሬም ድረስ አልረሳሁም። ቆጠራው ከወረዳ ሰው እስኪመጣ በሚል ከወር በላይ ዘገየ። ያን ወር አባቴ ወደ ደብሩ ወጥተው ይቀድሳሉ፣ ዕቃ ቤቱን ሌላ ሰው ሲከፍት ፊታቸውን አዙረው ይቆማሉ። እናቴ ናት ይህን የነገረችኝ። እኔ እዚያ ለመቆም አልደፈርሁም።

እንግዳም ከእኔ ራቀ፤ ጓደኞቼ ሥራ ሲመጣ አይጠሩኝም። ስለዚህ ቤት ተቀምጬ ያንኑ ያዋረደኝን ዕቃ ተጫወትሁ። ሌላ ምን ላድርግ? መጀመሪያ የተጫወትሁት በጥላቻ ነው፤ ሰውዬው የፈለገውን ነገር ውስጡ ደብቆት እንደሆነ ለማወቅ።

ጌሙ ውስጥ አንድ ብቸኛ መንገደኛ አለ። ጦር የለው፣ ጋሻ የለው፣ የሚገድለው ጠላት የለው። በተራራ አገር ይሄዳል፤ ነፋስ ሲመጣ ይቀመጣል፣ ሲያልፍ ይነሣል። ጉም ከሸለቆው ሲነሣ፣ የሣሩ ቀለም በሰዓቱ ሲለወጥ፣ ከሩቅ የማይታይ ውሃ ሲሰማ፣ ይህን ሁሉ አንድ ሰው ተቀምጦ አሰበው ማለት ነው። እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ከኪሴ እየከፈልሁ ብዙ ጌም ተጫውቻለሁ፤ አንዱም አልደረሰበትም። ብናደድበትም ወደድሁት።

መንገደኛው አንድ ድልድይ ይደርሳል። ድልድዩ ጫፍ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ መንገደኛው ሲቀርብ ፋኖስ ይዘረጋሉ። አይናገሩም፣ ዋጋም አይጠይቁም፤ ይዘረጋሉ ብቻ። ከድልድዩ ማዶ ዋሻ አለ፤ ድቅድቅ ነው።

አልተቀበልኋቸውም። እንዴት ልቀበል? ምን እንደሚፈልጉ አላውቅ። ደግሞ ዋሻውን ገና ስገባ አወቅሁት፤ የእኛው መተላለፊያ ነው። መታጠፊያው በእርምጃ ልክ ነው፣ ጣሪያው ዝቅ የሚልበት ቦታ ልክ ነው። ሰባት ጊዜ የተመላለሰው ለዚህ ኖሯል። ታዲያ እዚያ ውስጥ መብራት እንደማይበራ ለሰውዬው የነገርሁት ራሴ ነኝ፤ ፈተናው ይህ ነው አልሁ። መንገደኛውን ቀኝ ግድግዳውን አስይዤ በጨለማ አስገባሁት። ወደቀ። እንደገና አስገባሁት። ወደቀ። እርምጃ ቆጠርሁ፣ ቆሜ አዳመጥሁ። ወር ሙሉ በየቀኑ እየገባሁ ወደቅሁ፤ ወር ሙሉም በየቀኑ ሽማግሌው ፋኖሱን ዘረጉልኝ፣ እኔም በጎናቸው አለፍሁ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አባቴ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። በዚያ ወር ከእኔ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተለዋወጡም ነበር።

"እስቲ ጥማድ በሬውን አሳየኝ" አሉ።

አሳየኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ግንባራቸውን ወደ ትከሻዬ አስጠግተው ያያሉ። መንገደኛው ተራራውን ወረደ፣ ድልድዩ ጋ ደረሰ። ሽማግሌው ፋኖሱን ዘረጉ። አለፍኋቸው። ዋሻው ገባሁ፤ ወደቅሁ።

"ሰውዬው ምን ዘረጉልህ?"

"ፋኖስ ነው።"

"ታዲያ ለምን አትቀበላቸውም?"

"ምን ፈልገው እንደሆነ አላውቅም።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የሚዘረጉልህ?"

"ቁልፉ ከቤታችን ከወጣ ጀምሮ። በየቀኑ።"

አባቴ ቀና አሉ። ከሥዕል ፋኖስ ለመቀበል ወር ሙሉ የፈራ ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። እናቴ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር፤ "የእርስዎው ልጅ ነው፣ ከማን ይወርሰዋል?" አለቻቸው። የመነጽራቸውን ማሰሪያ ፈተው እንደገና አሰሩት።

"ተቀበላቸው" አሉኝ ቀስ ብለው። "በእኔ ይሁንብህ።"

ተቀበልሁ። ሽማግሌው እጃቸውን ሰበሰቡና ወደ ሸለቆው ማየታቸውን ቀጠሉ። ምንም አልፈለጉም። ፋኖሱ በርቶ ዋሻው ገባን። ግድግዳው ታየ፤ የመሮው ምልክት፣ ሰው ሲዳስሰው የለሰለሰው ቦታ ሁሉ። አባቴ ትንፋሻቸውን ያዙ። በዚያ መተላለፊያ ስድሳ ዓመት ያለ መብራት አልፈዋል፤ ግድግዳውን አይተውት አያውቁም ነበር።

"ይህማ የእኛው ነው" አሉ።

"የእኛው ነው። ሰባት ጊዜ ተመላልሶበታል። የወሰደው ይህን ነው አባባ፤ ሌላ ምንም አልወሰደም።"

"ጨለማውን?"

"ጨለማውን።"

አሰቡና "ጨለማ መዝገብ ላይ የለም" አሉ። ከዚያ ያ ጥያቄ እንደገና መጣ፤ "አሁን በእውነት ንገረኝ። ስንት ያወጣል?"

"አንድ ሙክት" አልሁ። ጠላ ቤት የተናገርሁትንም ለምን እንደተናገርሁት ነገርኋቸው፤ ለጃኬትና ለጫማ ብዬ። ከሌብነቱ ጥርጣሬ ይልቅ ይህ ያናደዳቸው መሰለኝ። ባወራሁበት ቦታ፣ በሰማኝ ሰው ፊት፣ እውነተኛውን ዋጋ እንድናገር አዘዙኝ። በማግስቱ ሄድሁ። ቆሜ "ያ ዕቃ ሙክት እንጂ ጥማድ በሬ አያወጣም፤ ዋሽቻለሁ" አልሁ። ማንም አላመነኝም። "አይ፣ አሁን ነገሩ ሲከር አሳነሰው" አለ አንዱ፤ ሌላው "ሙክትማ አይዶለም" ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ዋጋ አንዴ ከወጣ የሚመልሰው የለም።

ቆጠራው ደረሰ። መዝገቡ ተነበበ፣ እያንዳንዱ ዕቃ እየወጣ ታየ። አንድም አልጎደለም። እንዲያውም መዝገብ ላይ ያልሰፈረ አንድ ትንሽ የነሐስ ጽና ተገኘና ተጻፈ። ሽማግሌዎቹ ቁልፉን በሁለት እጃቸው ለአባቴ ሰጧቸው። "ልጁን እንኳ ያልማረ ጠባቂ ከወዴት ይገኛል?" አሉ። ምስጋና መስሏቸው ነው።

አባቴ ቁልፉን ይዘው መጡ። እኔ ምሰሶው አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ሚስማሩን አላዩትም። ከኪሳቸው ጥቁር ክር አወጡ፣ ቁልፉን አሰሩበት፣ አንገታቸው ላይ አጥልቀው ከቀሚሳቸው ሥር ሰደዱት። ከዚያ እናቴን ምሳ ጠየቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁልፉ ከአንገታቸው አልወረደም፤ ሲተኙም እዚያው ነው።

ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ዳግመኛ ነገር ቢመጣ እኔ እንዳልታማ ብለው ነው ወይስ ከእኔ መጠበቃቸው ነው? ያን እሑድ እንዳመኑኝ አውቃለሁ፤ ፊታቸውን አይቻለሁ። ሚስማሩ ግን ባዶውን ቀረ። እናቴም ምንም አልሰቀለችበትም። አልጠየቅኋቸውም፤ ብጠይቃቸው መልሱን እጠረጥረው ነበር።

ጌም የሚወዱ ወጣቶች ዛሬ "ለጥሩ ጌም ስንት ቢከፈል ይገባል?" እያሉ ሲከራከሩ እሰማለሁ። አንዱ ውድ ነው ይላል፣ አንዱ የሰው ድካም አለበት ይላል። ለዚያ ሰው ድካም ጥማድ በሬ ቢከፈልም አይበዛም፤ ይህን ዛሬ ሳልዋሽ እናገራለሁ። በነጻ ነው ያገኘሁት። በዚያ ሚስማር ነው የከፈልሁት።

አባቴ ሽቅብ መውጣት ያቃታቸው ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ለተተኪያቸው ቁልፉን ሊያስረክቡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ልጠይቃቸው መጣሁ። እናቴ ገበያ ሄዳለች፤ ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። እንደምንም ተነሥተው ክሩን ከአንገታቸው አወጡ። ምሰሶውን ተደግፈው በእግራቸው ጣት ቆሙና ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ሰቀሉት። "ትንሽ ልተኛ" አሉኝ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ለዚያች ቀን ስንት ዓመት ጠብቄያለሁ። ግን ቁልፉን አይቼ መቀመጥ አልቻልሁም። ቀስ ብዬ ወጣሁ፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትሁት፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያየኝ ቦታ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። እናቴ ከገበያ እስክትመለስ ድረስ እዚያው ቆየሁ።